ባጃጅ ገጭቷት ቢሆን ኖሮ

ኤረር በር የሐረር ጁገል ግንብ የምሥራቅ በር ነው፤ ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። ከኤረር ሸለቆ ሽቅብ የሚመጣው ገበያተኛ በዚህ ይገባል። ጫት ያዘለችው፣ እንጨት የተሸከመችው፣ አህያውም ባጃጁም አንዱን መንገድ ይጋፋሉ።

እዚህ በር ሥር ጫት የምትቸረችር አንዲት ሴት አለች እንበል። ከኋላዋ የመጣ ባጃጅ ገጭቶ ክንዷን ሰብሯት አመለጠ፤ ታርጋውን ያየ ሰው የለም። ክፉ ቀን ነው፤ ሕጉ ግን ሜዳ ላይ አልጣላትም። በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799 እስከ 2 ሺህ ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና በነፃ እንድታገኝ አዞ ነበር። ገጪው ካልታወቀ ወይም መድን ከሌለው ደግሞ ካሣዋን የመድን ፈንድ ይከፍላል፤ አዋጁ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። (በዚያው አዋጅ የንብረት ጉዳት ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። የተሰበረ አጥር ከተሰበረ ክንድ በልጦ ነበር ማለት ነው፤ ለዛሬ ይለፈኝ።)

አሁን ያቺኑ ሴት፣ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ክንዷ ላይ ሰው በቢላ ወጋት እንበል። ሰውየው ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፣ ማረሚያ ቤት ገባ። ዐቃቤ ሕግ ሥራውን ጨረሰ፤ ዳኛውም መዝገቡን ዘጋ። እሷ ክንዷን በጨርቅ አንግታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ካሣዋን ከማን ትቀበላለች?

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 101 የተጎዳ ሰው የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም መንገዱን አሳይቷል፦ ክሱ መሰማት ሲጀምር፣ በጽሑፍ፣ የሚጠየቀው መጠን ተገልጾ። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን ማምለጫ አለ። የካሣው ክርክር የወንጀሉን ጉዳይ ያወሳስባል ወይም ያዘገያል ብሎ ያመነ ችሎት ጥያቄውን መመለስ ይችላል። መዝገብ የተከመረበት ዳኛ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም። ተበዳይዋ «በፍትሐ ብሔር ጠይቂ» ትባላለች፤ የተመሰከረላትን ጉዳት እንደገና ልታስመሰክር ሌላ መዝገብ ታስከፍታለች።

ተሳክቶላት ተፈረደላት እንበል። አሁን የፍርድ ባለመብት ናት፤ የፍርዱን ግልባጭ ይዛ አፈጻጸም ችሎት ትሄዳለች። «የባለዕዳውን ንብረት አሳዪ» ትባላለች። ባለዕዳው እስር ላይ ነው፤ ገቢ የለውም። ገበሬ ከሆነ መሬቱ አይሸጥም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። የማብሰያ ዕቃውና የሚሠራበት መሣሪያም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከመያዝ ይጠበቃሉ። ይህን በመደንገጉ ሕጉን አልወቅሰውም፤ የወጋት እሱ እንጂ ልጆቹ አይደሉም፤ ድስታቸው ሐራጅ እንዲወጣ የሚፈልግ የለም። ግን ፍርዱ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ እጇ ላይ ቀረ።

የሞራል ካሣዋንማ አታንሱት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2116 ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። ያኔ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ነበር፤ 1 ሺህ ብር 400 ዶላር ያህል ማለት ነው። የብሩ አቅም ከዓመት ዓመት ሲያልቅ ቁጥሩ እዚያው ቆሟል። ዛሬ ኤረር በር ገበያ ይዛው ብትወርድ የአንድ ቀን አስቤዛ ቢሸፍንላት ነው።

ከጁገል ግንብ ውጭ ያለው ሕዝብ ይህን የባዶ እጅ ባለዕዳ ችግር ከፍርድ ቤት በፊት ፈትቶታል። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ (የደም ካሣ) ሲወሰን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ጎሳው አዋጥቶ ነው። በሶማሌም ደም ሲፈስ የዘመድ ወገን በጋራ ይጠየቃል፤ ልማዱ ለወንድ ነፍስ 100 ግመል ይላል። ካሣው የሚሰበሰበው ብዙ ትከሻ ስላለው ነው። ይሁንና ወግ አጥባቂ ሆኜ ፍርድ ቤት ይቅርና ወደ ጉማ እንመለስ አልልም። በዚያው የሶማሌ ልማድ ለሴት ነፍስ ግማሹ ነው የሚከፈለው። ካሣ የሚቀበለውም ብዙ ጊዜ አባት፣ ወንድም ወይም ጎሳ ነው፤ ጫት ሻጭዋ ራሷ «በቃኝ» ወይም «አልበቃኝም» የምትልበት ወንበር የለም። ከልማዱ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ አጥፊው ባዶ እጁን ቢሆን እንኳ ተጎጂው ባዶ እጁን አይሄድም።

መንግሥት የተበዳይን ካሣ ጉዳይ አያውቅም እንዳይባል በራሱ ላይ ተፈርዶበታል። በ1993 አርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ጠላፊው 10 ዓመት ከተፈረደበት በኋላ በይግባኝ ተለቀቀ። ጉዳዩን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ወሰዱት፤ ኮሚሽኑ በ2008 ኢትዮጵያ ለተበዳይዋ 150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር እንድትከፍል ወሰነ። አገር ውስጥ የሞራል ካሣዋ ጣሪያ 1 ሺህ ብር፣ ኮሚሽኑ ዘንድ 150 ሺህ ዶላር። የ13 ዓመት ልጅ ፍትሕ ፍለጋ አህጉር እስክታቋርጥ መጠበቅ ነበረብን?

ሌላው ዓለም ቀድሞናል። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 የወንጀል ተጎጂን ከመንግሥት ካዝና የሚክስ ሕግ አወጣች፤ ብሪታንያ በዓመቱ ተከተለች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መግለጫ ከአጥፊው ሙሉ ካሣ ካልተገኘ መንግሥታት ለመካስ እንዲጥሩ ጠይቋል። ገንዘብ የለንም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለመኪና አደጋ ፈንድ አቋቁመናል። በ2007 የወጣው በሰዎች የመነገድ ወንጀል አዋጅም ለተጎጂዎች ፈንድ አቋቁሟል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 102 ደግሞ ወንጀለኛው መካስ እንደማይችል ሲታይ ፍርድ ቤቱ ከመቀጮው ወይም ከተወረሰው ንብረት ሽያጭ ለተጎጂው እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጥቶታል። ስለዚህ የወጋት ሰው መቀጮም ከተቀጣ ከዚያ ላይ ለክንዷ ማሳከሚያ ማዘዝ አዲስ ሕግ አይጠይቅም። ዐቃቤ ሕግ ይጠይቅ፤ ዳኛ ይዘዝ። የሐረሪ ክልል ምክር ቤትም ትንሽ የተጎጂዎች ፈንድ በማቋቋም ለሌሎች ክልሎች ምሳሌ ቢሆን ያምርበታል።

እስከዚያው ለተበዳዮች አንድ ነገር ልበል። የካሣ ጥያቄያችሁን የወንጀሉ ክስ መሰማት ሲጀምር በጽሑፍ አስገቡ፤ ዐቃቤ ሕጉንም አንቀጽ 102ን ጥቀስልኝ በሉት። የሕክምና ደረሰኝ አትጣሉ። ከተፈረደላችሁና ባለዕዳው ዛሬ ምንም ከሌለው ግልባጩን አስቀምጡት፤ ፍርድ ለማስፈጸም ሕጉ 10 ዓመት ይሰጣል። ሰውየው ከእስር ወጥቶ ሥራ ሊይዝ፣ ቤት ሊሠራ ይችላልና ጊዜው ሳያልፍ አፈጻጸሙን ክፈቱ።