ግርዶሹ የወረደ ድንኳን ደጅ አይደለም



በአትላንታና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በብርድ ወራት ድግስ ስለማሰናዳት በዚህ መጽሔት ባለፈው እትም የወጣው ጽሑፍ፣ በተለምዶ «ሂተር» የሚባለውን፣ ማለትም ባርኔጣ የመሰለ አናት ያለውንና ከሥሩ በተቀመጠ የፕሮፔን ሲሊንደር የሚነደውን የጋዝ ማሞቂያ እንዴት መከራየት እንደሚቻል በዝርዝር ካስረዳ በኋላ፣ በድንኳኑ መካከል እንዲቆም መክሯል። ይህ ምክር ስሕተት ነው፤ ነፍስ ሊያጠፋ የሚችል ስሕተት በመሆኑም በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

መሣሪያው የተሠራው ለደጅ ነው። ደጅ የሚባለው ነፋስ ያለ ከልካይ የሚመላለስበት ስፍራ ሲሆን፣ ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ የተጣለ ድንኳን ብርድ እንዳይገባ ተብሎ ግርዶሹ በአራቱም ማዕዘን ከወረደ፣ ጓሮ ውስጥ ቢሆንም እንደ ቤት ይቆጠራል። ፕሮፔን በቂ አየር ሲያገኝ ተቃጥሎ የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ አየር ሲያጥረው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ማለትም ቀለምም ሽታም የሌለውንና ከደም ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ የሚጣበቀውን መርዝ ይለቃል። የጆርጂያ ደንብ የተመሠረተበት ዓለም አቀፍ የእሳት ደንብም መሣሪያውን በድንኳን ውስጥ ማንደድን የሚከለክል ሲሆን፣ ከሕንፃ ቢያንስ 5 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ተኩል ያህል እንዲርቅ ያዛል።

በከሰል ምድጃ ዙሪያ ያደገ ሰው ይህን አይፈራም የሚለው መከራከሪያ ክብደት የለውም፤ በአዲስ አበባ በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የመቅረታቸው ዜና እንግዳ አይደለም፣ ገዳዩም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነውና። ሽታው ያስታውቃል የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የሚሸተው መፍሰሱ እንዲታወቅ በፕሮፔኑ ላይ የሚጨመረው ቅመም እንጂ ከነደደ በኋላ የሚወጣው መርዝ አይደለም። አንዱን መግቢያ ከፈት ማድረግ ይበቃል የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን አንድ መግቢያ ድንኳኑን ደጅ አያደርገውም።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳስበው በገና ዋዜማ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሕዝቡ በግቢው ድንኳን ውስጥ ሲያስቀድስ፣ 20 ፓውንድ፣ ማለትም 9 ኪሎ ያህል ፕሮፔን የያዘ ሲሊንደር ለ10 ሰዓታት ያህል ሊነድ ስለሚችል፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳቱን የሚያቋርጠው ነገር የለም። የመመረዝ የመጀመሪያ ምልክቶች ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲሆኑ፣ ከአርባ ቀን በላይ ጾሞ ለሰዓታት የቆመ ምእመን እነዚህን ሁሉ የጾሙና የድካሙ ናቸው ብሎ ይታገሣል። በትዕግሥቱ የሚመሰገን ሕዝብ በዚያው ትዕግሥቱ ምክንያት ለአደጋ እንዲጋለጥ የሚያደርግ ምክር በገዛ ቋንቋው ታትሞ መውጣቱ እጅግ ያሳዝናል።

ጽሑፉ ስለ ጥገናና ስለ ማስቀመጫ አንድም ቃል አላነሣም። ወራትን በጓሮ ያሳለፈ ማሞቂያ የእሳቱ ቧንቧ ውስጥ ሸረሪት ሊያደራበት ይችላል፤ የአየሩ መንገድ ሲደፈንም ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ጥቀርሻ ይወጣዋል፣ ይህም ደጅ ላይ እያለ እንኳ በሚገባ እንደማይቃጠል ያመለክታል። ጎማውና መጋጠሚያው የሳሙና ውሃ ተቀብቶ አረፋ የሚያወጣ ከሆነ ጋዝ እየፈሰሰ ስለሆነ መለኮስ የለበትም። መሣሪያው ሲያጋድል ጋዙን የሚዘጋው መቆጣጠሪያ መሥራቱን፣ እግሩም በውሃ ወይም በአሸዋ ክብደት የሚይዝ ዓይነት ከሆነ መሞላቱን ማረጋገጥ፣ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ድግስ ላይ የግድ ነው።

ድግሱ ካለቀ በኋላ ሲሊንደሩን ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ቤዝመንት ማስገባት የተለመደ ነው። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ሲፈስ ወለል ወለሉን ይሄዳል፣ በብዙ የአትላንታ ቤቶች ደግሞ የውሃ ማሞቂያው የሚገኘው እዚያው ነው፤ የፈሰሰው ጋዝ ከውሃ ማሞቂያው እሳት ሲደርስም ይቀጣጠላል። ስለዚህ የሲሊንደሩም ቦታ ደጅ ነው፤ ቫልቩ ተዘግቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከበርና ከመስኮት ርቆ ይቀመጣል።

በዚህ አጋጣሚ ሌላም ቅሬታ አለ። በመሣሪያው ላይ የሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ፣ ሲበዛም በስፓኒሽና በፈረንሳይኛ የተጻፈ ሲሆን፣ አማርኛ በየመንገዱ በሚሰማባቸው በክላርክስተንና በዲካልብ ሰፈሮች ይህን ተርጉሞ ማደል ለዕድሮችና ለማኅበራት የአንድ ቀን ሥራ ነበር።

መጽሔቱም ምክሩን በታተመበት ገጽና በዚያው መጠን፣ ከገና በፊት በሚወጣው እትም እንዲያርም በአክብሮት ይጠየቃል፤ እርማቱም ማሞቂያው በድንኳን፣ በጋራዥና በአፓርታማ በረንዳ ላይ እንደማይነድ በግልጽ ይጻፍበት።

አንድ የክላርክስተን አንባቢ