አንቲባዮቲክና የወሊድ መከላከያ ኪኒን፦ ማስጠንቀቂያው ለማያስፈልጋት ሴት እየተሰጠ ነው



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ለቶንሲል አሞክሲሲሊን ታዞልኛል። የወሊድ መከላከያ ኪኒንም እወስዳለሁ። ኪኒኑ መሥራት ያቆማል?»

መልሱ አጭር ነው፦ አያቆምም። ኪኒናችሁን በየቀኑ በሰዓቱ ቀጥሉ። አንቲባዮቲኩንም እንደታዘዘላችሁ ጨርሱ።

ዛሬ የምጽፈው ግን ለዚህ መልስ ብቻ አይደለም፤ ስለተናደድኩ ነው። ፍርሃቱን የፈጠርነው እኛው የጤና ባለሙያዎች ነን። መፍራት ያለባትን ሴት ደግሞ ዝም ብለናታል። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አድርጌ ሁለት ታካሚዎቼን ላንሳ።

የመጀመሪያዋ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። መድኃኒቱን ስትገዛ «ይሄ ከወሊድ መከላከያ ጋር አይሄድም» ተባለች። እሷ የገባት «አብረሽ አትውሰጂ» የሚል ነው። ስለዚህ ኪኒኑን ለአንድ ሳምንት አቆመች። እኔ ጋ የመጣችው የወር አበባዋ ቀርቶባት ነው። ለእርግዝናው ምክንያቱ አንቲባዮቲኩ አልነበረም፤ ምክሩ ነበር።

ሁለተኛዋ የቲቢ ሕክምና ከጀመረች አራተኛ ወሯ ነበር። ሕክምናውን ስትጀምር «ሽንትሽ ብርቱካናማ ይሆናል፣ አትደንግጪ» ተብላለች። «ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ቶሎ ነይ» ተብላለች። የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን አንድም ሰው የለም። ኪኒኗን አንድ ቀን ሳትረሳ እየዋጠች አረገዘች። የቲቢው ክፍልና የቤተሰብ ምጣኔው ክፍል አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ሽንቷን ብርቱካናማ ያደረገው ሪፋምፒሲን የሚባለው መድኃኒት ነው። በተለመደው የ6 ወር የቲቢ ሕክምና ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ይወሰዳል። ይህ መድኃኒት ጉበታችን ሆርሞኖችን የሚሰባብርባቸውን ኢንዛይሞች ያበዛል። የኪኒኑ ሆርሞን ሥራውን ሳይሠራ ቶሎ ከሰውነት ይወጣል። አሞክሲሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ አዚትሮማይሲን ይህን አያደርጉም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሪፋምፒሲን ከሚወስዱ ሴቶች መካከል ኪኒን እየዋጡ ያረገዙ እንዳሉ ተዘገበ። ከዚያ ስለ ሌሎች አንቲባዮቲኮችም ተመሳሳይ ወሬ ተከተለ፤ «የአንጀት ባክቴሪያን ስለሚገድሉ ሆርሞኑ አይመጠጥም» የሚል መላምትም ተሰጠው። በኋላ በሴቶች ደም ውስጥ ሆርሞኑ ሲለካ ግን በተለመዱት አንቲባዮቲኮች የጎላ ለውጥ አልታየም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እነዚህን አንቲባዮቲኮች ከኪኒን ጋር ያለ ገደብ ይፈቅዳል፤ ሪፋምፒሲን ለምትወስድ ሴት ግን ኪኒኑን አይመክርም። በእንግሊዝም የሥነ ተዋልዶ ጤና ሐኪሞች ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የቀድሞውን «ተጨማሪ መከላከያ ተጠቀሙ» የሚል ምክሩን አንስቷል። እኛ ግን ዛሬም አሮጌውን እንደግማለን።

«እኔ ግን አሞክሲሲሊን እየወሰደች ያረገዘች ሴት አውቃለሁ» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልትኖር ትችላለች። ኪኒን በተለምዶ በምንጠቀምበት መንገድ፣ መርሳቱም ማሳለፉም ተጨምሮ፣ ከ100 ሴቶች 7 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። ከእነሱ መካከል በዚያው ሰሞን አንቲባዮቲክ የወሰደች አትጠፋም። በዚያ ላይ የታመመ ሰው ይረሳል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል።

«ለጥንቃቄ ለሁሉም ብንናገር ምን ይጎዳል?» የሚሉኝ የሙያ ባልደረቦችም አሉ። ይጎዳል! አንዷ ኪኒኑን ታቆማለች። ሌላዋ እርግዝና ፈርታ አንቲባዮቲኩን በ2 ቀን ትተወዋለች፤ ኢንፌክሽኑ ይመለስባታል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በየአንቲባዮቲኩ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ሰሚ ያጣል። ያቺ የቲቢ ታካሚ ብትሰማው እንኳ «እንደተለመደው ነው» ብላ ታልፈዋለች።

ስለዚህ ይህን ያዙልኝ፦

✔ የተለመደ አንቲባዮቲክ ከታዘዘላችሁ ኪኒኑን አታቋርጡ።

✔ ኪኒኑን በዋጣችሁ በ3 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳችሁ ሌላ ኪኒን ዋጡ። ከባድ ትውከት ወይም ተቅማጥ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ኪኒኑን እንዳሳለፋችሁ ቁጠሩት፤ ኮንዶም ጨምሩ።

✔ ሪፋምፒሲን የምትወስዱ ከሆነ በኪኒን ብቻ አትተማመኑ። የ3 ወር መርፌ (ዲፖ) እና ሉፕ በዚህ መድኃኒት አይዳከሙም። በክንድ የሚቀበረው ግን ሊዳከም ስለሚችል ባለሙያ አማክሩ።

✔ ሪፋምፒሲን ከጨረሳችሁ በኋላም ለ4 ሳምንት ጥንቃቄውን ቀጥሉ። የጉበት ኢንዛይሞች ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ቀስ ብለው ነው።

✔ ቤታችሁ የቲቢ ታማሚ ኖሮ በሳምንት አንድ ቀን ለ3 ወር የሚወሰድ መከላከያ ከተሰጣችሁ፣ በውስጡ ያለው ሪፋፔንቲንም ያው ባሕርይ አለው።

✔ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን እና ካርባማዜፒንም አንቲባዮቲክ ባይሆኑም ኪኒኑን ያዳክማሉ።

✔ የድንገተኛ ጊዜ መከላከያ (ፖስትፒል) ስትገዙ ከእነዚህ አንዱን የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ። የተለመደው መጠን ላይበቃ ይችላል።

አንድ አደራ፦ ይህን አንብባችሁ የቲቢ መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ! የሚቀየረው መከላከያው ነው። የቲቢ ሕክምና ላይ ሆናችሁ ብታረግዙም መድኃኒቱን ሳታቋርጡ ቶሎ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ያልታከመ ቲቢ ለእናትም ለጽንስም አደገኛ ነው።

ለባልደረቦቼ፦ ሪፋምፒሲን ስትሰጡ ስለ ሽንቱ ቀለም በነገራችሁበት አፍ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «እህቴ፣ የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ?» ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለአሞክሲሲሊኗ ሴት ደግሞ «ኪኒንሽን ቀጥይ» በሏት።

የቲቢ ሕክምና ላይ ያለች እህት፣ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ካለቻችሁ ይህን ላኩላት።