ትልቁ ካሜራና የሐይቅ ብራና

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሐይቅን ከተማ የረገጠና ወደ ውሃው ዳር የወረደ መንገደኛ፣ በተለይም ጉዞው በዘመነ ጽጌ፣ ማለትም ክረምቱ አየሩን አጥቦ ከሄደ በኋላ የበጋውም አቧራ ገና ሳይነሣ የሆነለት እንደ ሆነ፣ ካሜራ ባይዝ እንኳ ካሜራ መመኘቱ አይቀርም፤ ውሃው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ያረፈበት ባሕረ ገብ ምድር፣ ከማዶ የተነባበሩት ኮረብቶች፣ ከእነርሱም በስተጀርባ ወደ አምባሰል የሚያቀናው የተራራ ሰንሰለት በአንድነት ዓይን ይሞላሉና። የካሜራን ጥራት ለመመዘን የሚሻ ሰው ከሱቅ መስኮትና ከኮምፒውተር ገበታ ፊት ተነሥቶ እዚህ ስፍራ ላይ ቢቆም ይሻለዋል እላለሁ። ዛሬ በፎቶግራፍ ወዳጆች ዘንድ ብዙ የሚያከራክረው ሚዲየም ፎርማት የሚባለው ትልቅ ካሜራ በእውነት የሚያስፈልገው ለጥቂት ነገር ብቻ ሲሆን፣ ያ ጥቂት ነገር ግን በሐይቅና በአምባሰል በብዛት ይገኛል።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ለመግለጽ ያህል፣ ይህ ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ገጹ ከተለመደው የሰፋ ነው። በፊልም ዘመን ስሙ የሚነገረው፣ ኮዳክ በ1901 እ.ኤ.አ. ያወጣውን 120 የተባለ፣ ወርዱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ፊልም ለሚጎርሱ ካሜራዎች ነበር፤ ባለ ሁለት ዓይኑን ካሜራ ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ እንደሚጸልይ ሰው አቀርቅሮ እያየ ያነሣ የነበረውን ባለ ፎቶ ቤት የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አይጠፉም። በዲጂታሉ ዘመን ፊልሙን ሴንሰር ተካው። ፔንታክስ በ2010፣ ሐሰልብላድ በ2016፣ ፉጂፊልም በ2017 እ.ኤ.አ. ለገበያ ባቀረቧቸው የዚህ ዓይነት ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሴንሰር 44 በ33 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ፉል ፍሬም የሚባለው የብዙ ባለሙያዎች ካሜራ ደግሞ 36 በ24 ነው። በካሬ ሚሊ ሜትር ቢሰላ አንዱ 1,440 ያህል፣ ሌላው 864 ይሆናል፤ አብዛኛው የእጅ ስልክ ግን 100 እንኳ አይሞላም።

ከዚህ ስሌት ተነሥተው ትልቁን ካሜራ እንደ ተአምር የሚያወሩለት ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከፉል ፍሬሙ በ1.7 እጥፍ መስፋቱ የሚያስገኘው የብርሃን ትርፍ በባለሙያዎቹ አነጋገር አንድ ሙሉ ስቶፕ፣ ማለትም የብርሃን እጥፍ፣ አይደርስም፤ በትንሹ ካሜራ ላይ ብርሃን አብዝቶ የሚያስገባ ሌንስ የገጠመ ሰውም ይህን ትርፍ ሊያካክሰው ይችላል። ፉጂፊልም በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 102 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለ ሌንስ 10,000 ዶላር ያህል ይጠየቅበት እንደ ነበር ስናስብ፣ ሠርግ ለሚያነሣና ሥዕሉን በስልክ ለሚልክ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ መግዛት ገንዘብን ወደ ውሃ መጣል ነው። በጋዜጣ ወረቀት ላይም ቢሆን የሁለቱን ካሜራዎች ሥዕል ጎን ለጎን ብናትም፣ የትኛው ከየትኛው እንደ ሆነ ለይቶ የሚናገር ዓይን የሚገኝ አይመስለኝም። ሥዕሉን በኮምፒውተር አጉልቶ፣ እንደገና አጉልቶ፣ የአንዲትን ቅጠል ጠርዝ ብቻ እየመረመረ በካሜራዎች መካከል የሚፈርድ ሰውም፣ ቅጠሏን አገኘ እንጂ ተራራውን አላየም።

ልዩነቱ የሚገለጠው ሥዕሉ በሰፊው ታትሞ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ጊዜ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሚለው የጥራት ልክ፣ ባለ 24 ሜጋፒክስሉ የተለመደ ካሜራ እስከ 51 በ34 ሴንቲ ሜትር ያደርሳል፤ ባለ 102ቱ ግን 99 በ74 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ይኸውም አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይሄዳል። የአምባሰልን ገደል በዚህ ስፋት ያየ ተመልካች መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ መላውን ይቃኛል፤ ከዚያም ቀረብ ብሎ በገደሉ ወገብ ላይ የተሰማራውን ከብት፣ ከአምባው ሥር ያለውን የጤፍ ማሳ፣ የአጥሩን እሾህ ይለቅማል። አንድን መልክዓ ምድር ከሩቅም ከቅርብም ለማየት ያስቻለ ሥዕል ለወጣበት ዋጋ አፍ አለው። በዜማ ቅኝት ስሙ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር የሚጠራው አምባሰል፣ በጆሮ የታወቀውን ያህል በዓይን አለመታወቁ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ነገር ግን ከስፋቱ ይልቅ በአገራችን ብርሃን ላይ የሚታየው ፈተና የበለጠ ነው። መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ፣ ያም በአምባሰል ምድር መስቀል በሚመስለው አምባ ላይ፣ እጅግ ብዙ ምእመን ነጭ ኩታና ነጠላ ለብሶ ሲሰበሰብ፣ የቀትር ፀሐይም ከአናቱ ላይ ስትቆም፣ ካሜራው ሁለት ጌቶች ይነሡበታል፤ የጥጡን ፈትል ለማዳን ሲል ጠይሙን ፊት ያጠቁራል፣ ፊቱን ለማብራት ሲል ልብሱን እንደ ኖራ ያነጣዋል። የቀድሞው የፊልም ኢንዱስትሪ ይህን ችግር የእኛ ችግር አድርጎ አልቆጠረውም ነበር፤ ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው፣ ሸርሊ በመባል የታወቀው የቀለም መለኪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴትን መልክ ብቻ የያዘ ስለ ነበር፣ የቀለሙ ሚዛን የተስተካከለው በእርሷ ቆዳ ልክ ነው። ስለዚህ እኛ የካሜራን የምስል ጥራት ስናወዳድር፣ በውጭ አገር ሰዎች የጡብ ግድግዳና የአበባ ማስቀመጫ ሳይሆን፣ በነጠላ ጥለት ውስጥ ባለ ጠይም ፊት መመዘን ይገባናል። በዚህ ፈተና የቅርቦቹ ፉል ፍሬሞች ጥሩ ያልፋሉ፤ ትልቁ ካሜራ ደግሞ ከጥቁሩ ወደ ነጩ የሚያደርገው ሽግግር የለሰለሰ፣ ጥላውም ሲገለጥ ንጹሕ ስለሆነ በመጠኑ ይበልጣል። ልዩነቱ በመጠኑ መሆኑን ግን ደግሜ ላስታውስ።

በሜዳ ላይ ስለሚገኘው ደስታ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ትልቁ ካሜራ ሰውን ያዘገያል። ከእግሩ ሥር ያለውን ፊላና ከማዶ ያለውን ተራራ በአንድ ሥዕል አጥርቶ ለማሳየት የሚሻ ሰው፣ ሴንሰሩ በሰፋ ቁጥር የጥራቱ ጥልቀት ስለሚያጥር፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቦ፣ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ተክሎ፣ ነፋሱ ፊላውን መወዝወዝ እስኪተው ድረስ መጠበቅ አለበት። በዚህ መካከል ከውሃው ላይ ድንገት ለሚነሣ ወፍ ይህ ካሜራ ከንቱ ነው፤ ወፍ የሚወድ ሰው ትንሹንና ፈጣኑን ይያዝ። የመጠበቁ ጸጋ ግን ሌላ ነው። ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር የሚደርሰው ይህ ሐይቅ ማለዳ ከግራጫ ወደ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊም ወደ ብር የሚለዋወጠውን ኅብረ ቀለም፣ ቸኩሎ አንሥቶ የሄደ ሰው አያየውም።

ከባድ ካሜራ ተሸክሞ በወሎ ተራሮች መውጣት አዲስ ነገር አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል፣ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከአምባሰል በስተ ምዕራብ ወዳለችው መቅደላ በዘመተ ጊዜ ከመሐንዲሶቹ ጋር የመጡት ፎቶግራፍ አንሺዎች፣ የመስታወት ገጽ በኬሚካል እያራሱ፣ ሳይደርቅ አንሥተው ሳይደርቅ በጨለማ ድንኳን እያጠቡ ይሠሩ ነበር። ዋና ተግባራቸው ካርታ ማባዛት ቢሆንም የምድሩንም ሥዕል ትተዋል፤ ተራሮቻችንን በትልቅ መስታወት ላይ ቀድመው ከጻፉት መካከል አምባችንን ሊያቃጥሉ የመጡት ሰዎች መሆናቸው የታሪክ ምፀት ነው። ከዚያ በኋላ የእኛው የፎቶግራፍ ታሪክ፣ ከአጼ ምኒልክ ዘመን ከፎቶግራፍ አንሺው ቤድሮስ ቦያጂያን ጀምሮ በልጆቹም በኩል ሲወርድ፣ በአመዛኙ የቤተ መንግሥትና የፎቶ ቤት ታሪክ ሆነ፤ ንጉሡን፣ መኳንንቱን፣ ሙሽራውን አነሣን፤ ተራራውን ግን የትም አይሄድም ብለን ተውነው።

ተራራው የትም ባይሄድ ብራናው ይሄዳል። የሐይቅ እስጢፋኖስ መምህር የነበሩት አባ ኢየሱስ ሞአ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ በውስጡ የራሳቸው የአባታችን ሥዕል ያለበት፣ ዘመኑም በውል ከታወቀ ጥንታውያን መጻሕፍቶቻችን አንዱ ነው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ የኮሌጅቪል ሚኒሶታ ቤተ መጻሕፍት ትብብር ብዙ ሺህ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ይህም ወንጌል 1832 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት ተመዘገበ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ትጋት የዚህን መዝገብ መጻሕፍት ሲገልጹ ኖሩ። ያ ሥራ ባይሠራ ኖሮ ዛሬ ስንቱን ባጣን ነበር። ይሁን እንጂ ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ደግሞ ጸሐፊው የእመቤታችንንና የቅዱሳኑን ስም ለማክበር የነከረው ቀይ ቀለም ከተራው ጥቁር ቀለም በግልጽ አይለይም፤ የሐረጉ ቢጫና ሰማያዊም ሁሉም አመድ ይሆናል። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብራና ገጽ በባለ 102 ሜጋፒክስሉ ካሜራ ቢነሣ ግን በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ላይ ከ35 ነጥብ በላይ ያርፋል፤ የብዕሩ ቀጭን ጭረት፣ ተፍቆ እንደገና የተጻፈው ስፍራ፣ በዳርቻና በባዶ ገጽ የሰፈረው የርስትና የንብረት ማስታወሻ፣ የቆዳው ቀዳዳና ስፌት ሳይቀር ይነበባል። ለዚህም ድንገት የሚፈነዳ ፍላሽ አያስፈልግም፤ በመስኮት የሚገባ የለዘበ ብርሃንና የማይነቃነቅ ማቆሚያ ይበቃል። ሜዳ ላይ ቅንጦት የመሰለው ሁሉ፣ ማለትም ዝግታው፣ ክብደቱ፣ ቁጥብነቱ፣ በብራና ፊት ተገቢ ጠባይ ሆኖ ይገኛል።

በአሥር ሺህ ዶላር ስንት መማሪያ መጽሐፍ ይገዛ ነበር የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢም ነው። እኔ የምለው ግን እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ወዳጅ አንድ አንድ ይግዛ አይደለም፤ ለደቡብ ወሎ ሁሉ አንድ ይበቃል፣ ያውም ባለ 50 ሜጋፒክስል የሆኑት የቀደሙት ሞዴሎች በሁለተኛ እጅ ዋጋቸው እጅግ የወረደ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ ይህን አንድ ካሜራ ቢይዝ፣ ሁለትና ሦስት ዲያቆናትን ቢያሠለጥንበት፣ በገዳሙ ፈቃድና በመነኮሳቱ ፊት ብራናውን በሙሉ ቢያስነሣ፣ በበጋውም ያንኑ ካሜራ ወደ አምባው አውጥቶ የየዓመቱን ማሳ፣ ደንና የውሃ ዳር ቢመዘግብበት፣ ዕዳው ከጥቅሙ ያንሳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ ያየ ሰው፣ አንድ ቅርስ በአንድ ክፍል ብቻ መኖሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ሌላ አስረጂ አይሻም።

ሌላም ምክንያት አለ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንደ ሥርዓቱ ሴት አይገባበትም፤ ይህን ሥርዓት መንቀፍ የእኔ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በሐይቅ ከተማ ተወልዳ፣ በሐይቅ ዳር ጥምቀትን እያከበረች ያደገች እናት የአባ ኢየሱስ ሞአን ወንጌል አንድም ጊዜ ሳታይ ልታልፍ መቻሏ ያሳዝናል። መነኮሳቱ የሚፈቅዷቸው ገጾች በትልቁ ካሜራ ተነሥተው፣ በአንድ ሜትር ስፋት ታትመው፣ ከገዳሙ ውጭ በሐይቅ ከተማና በደሴ አዳራሽ ቢሰቀሉ፣ ዋናው የዲጂታል ቅጂም በገዳሙ ይዞታ ሥር ቢቀመጥ፣ ሥርዓቱ ሳይነካ ቀዩ ቀለም ለሁሉም ዓይን ይደርሳል። የመጀመሪያው ስብሰባ በገዳሙ አበምኔትና በዩኒቨርሲቲው መካከል ከዘመነ ጽጌ በፊት ቢደረግ፣ የውጭውም የውስጡም ሥራ በዚያው ወቅት ሊጀመር ይችላል።