ከልብ ወለድ ውስጥ ምን ይሰረዝ?

ለወጣቶች በሚጻፍ ልብ ወለድ ውስጥ ፍርሃትና ሐዘን ቦታ ሊኖራቸው ይገባልን? ወይስ ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብሩህና አስደሳች መሆን አለበት? ለዚህ ክርክር ጥሩ ማስረጃ የምትሆነን ናንሲ ድሩ የተባለችው የአሜሪካ ልብ ወለድ ባለታሪክ ናት።

ናንሲ እናቷ የሞተችባት የጠበቃ ልጅ ስትሆን፣ የተሰወረ ምስጢር እየመረመረች የምታወጣ ልጃገረድ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት በ1930 ታተሙ (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሽፋኑ ላይ የሚነበበው ካሮሊን ኪን የብዕር ስም ነው፤ በኤድዋርድ ስትራተማየር ዕቅድ መሠረት ታሪኮቹን የጻፉት ሚልድሬድ ዊርት ቤንሰን ነበሩ። ጊዜው በአሜሪካ ብዙ ሰው ሥራውንና ጥሪቱን ማጣት የጀመረበት ነበር። «የአሮጌው ሰዓት ምስጢር» በተባለው የመጀመሪያ መጽሐፍም ናንሲ የምትፈልገው የጠፋ ኑዛዜ ነው። ኑዛዜው ካልተገኘ ችግረኞች ዘመዶች ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ፤ ሀብታሞቹ ይበልጥ ይከብራሉ። እርሷም ኑዛዜውን ስትፈልግ ሌቦች በሐይቅ ዳር ባለ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውባት ይሄዳሉ።

ከ1959 ጀምሮ ግን መጻሕፍቱ በስትራተማየር ልጅ በሃሪየት አዳምስ መሪነት እንደገና ተጻፉ። 25 የነበረው ምዕራፍ ወደ 20 ዝቅ አለ፤ የናንሲ ዕድሜ ከ16 ወደ 18 ከፍ አለ፤ ደፋርና አንደበተ ስለታም የነበረችው ልጃገረድ ለዘብተኛና ጭምት ሆነች። ከ1962 ጀምሮም በሰማያዊ ጨርቅ ይጠረዙ የነበሩት መጻሕፍት ጀርባው ቢጫ የሆነ፣ በሥዕል ያሸበረቀ ሽፋን ለበሱ።

በእኔ አስተያየት ከተደረጉት እርማቶች አንዱ እጅግ ተገቢ ነበር። በመጀመሪያው ቅጂ የዚያ ቤት ጠባቂ የሆነው ጥቁር አሜሪካዊ ሰካራምና ሞኝ ተደርጎ ተሥሎ ነበር። እንዲህ ያለ ሥዕል አንባቢውን ሌላውን ሰው እንዲንቅ ከማስተማር በቀር የሚሰጠው ጥቅም ስለሌለ መሰረዙ ትክክል ነው።

የናንሲን ድፍረት ማለዘብ ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም አልነበረውም። ስድብ የሰውን ክብር ይነካል፤ ድፍረትና ጭንቀት ግን ባለታሪኳን ይፈትኗታል። ሁለቱን ለይቶ አለማየት ትልቅ ስሕተት ነው። አንዳንዶች «የልጆች አእምሮ በጭንቀት መያዝ የለበትም» ይላሉ። ይሁን እንጂ አራሚዎቹ ራሳቸው ቁም ሣጥኑን ከታሪኩ ሊያወጡት አልቻሉም። ያ ጨለማ ባይኖር ኑዛዜው ሲገኝ የሚሰማን ደስታ ምን ክብደት ይኖረው ነበር? የችግረኞቹን ጓዳ ባናይ በመጨረሻ ስላገኙት ገንዘብ ለምን ደስ ይለናል? አበው «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ንጋቱ የሚያስደስተው ሌሊቱን ላሳለፈ ሰው ነው።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ የጻፋችሁትን ድርሰት ስታርሙ ሁለት ጥያቄዎችን ጠይቁ። ይህ ዐረፍተ ነገር ሰውን ያዋርዳልን? ከሆነ ያለማመንታት ሰርዙት። ወይስ የሚያስፈራ ወይም የሚያሳዝን ብቻ ነው? እንዲህ ከሆነ ግን አትቸኩሉ፤ የታሪካችሁ ደስታ የቆመበት መሠረት ሊሆን ይችላልና።