ከጆሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማስታወክን ስለ መከላከል

የወናጎ እናቶች ሆይ! የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው የውስጠኛው ጆሮ ነው። ስለዚህ ከጆሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ ማቅለሽለሽና ማስታወክ በብዛት ይታያል። ኃይለኛ ትውከት ደግሞ የተጠገነውን የጆሮ ታምቡር ሊያናጋ ይችላል።

ልጃችሁ መኪና ሲሳፈር የሚያስመልሰው ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ መከላከያ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ ምግብና ወተት ከ6 ሰዓት በፊት፣ ንጹሕ ውኃ ከ2 ሰዓት በፊት ይቁም። ራበው ብላችሁ በድብቅ አታጉርሱት፤ በማደንዘዣ ውስጥ ሳለ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሲነቃ ራሱን በትራስ ከፍ አድርጋችሁ አስተኙት፤ በድንገት አታስነሱት፤ ውኃ በትንሽ በትንሹ ስጡት። በዲላ በኩል ወደ ቤት ለመመለስም አትቸኩሉ፤ ማስመለሱ ሲቆም ይሳፈር። ትውከቱ ካልቆመ ወይም ፊቱ ከተጣመመ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩት።