እግር ያሰረ ሁሉ ጓያ አይደለም

በፎገራ ሜዳ፥ በወረታም ሆነ በቁሐር ሚካኤል፥ እግሩ ተሳስሮ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ሲታይ «ጓያ ሰበረው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ፍርድ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሩዙ ሲነሣ በዋልካው እርጥበት ላይ የሚዘራው ጓያ፥ በችጋር ዘመን ለብዙ ሳምንት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን እንደሚያሽመደምድ የታወቀ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ደምቢያና ፎገራ ይህ ስብራት በብዛት የሚታይባቸው አገሮች መሆናቸውን ገልጠዋል። የሚያድን መድኃኒት ግን አልተገኘለትም። ስለዚህ «ጓያ ነው» ማለት «ተስፋ የለውም» ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ከባድ ፍርድ ያለ ምርመራ ሊሰጥ ይገባልን?

የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ነርቩን የሚወጋበት በሽታ አለ። አንዱ ዐይንንና ኅብለ ሰረሰርን አብሮ የሚመታው ነው። ጓያ የሰበረው ሰው እግሩ ይገትራል እንጂ ዐይኑ አይጠፋም፤ በዚህኛው ግን እግር ሲዝል የዐይን ብርሃን ሊጠፋ፥ ገላ ሊደነዝዝ፥ ሽንትም ሊታገድ ይችላል። አኳፖሪን 4 የተባለውን የሰውነት ክፍል የሚያጠቃው አንቲቦዲ እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 ከታወቀ ወዲህ በሽታው በደም ምርመራ ይለያል። ሌላው ሽፋሽፍትን የሚጥል፥ ሲመሽ የሚብስ የጡንቻ መዛል ነው፤ የዚህ አንቲቦዲ ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ይታወቃል። ለሁለቱም መድኃኒት አለ። ዐይንንና ኅብለ ሰረሰርን የሚመታው ግን እየተመላለሰ ስለሚያጠቃ፥ የዘገየ ሰው ያጣውን አያገኝም።

የፎገራ ሰው ይህን ትምህርት በሌላ በሽታ አይቶታል። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሕዝብ በትኩሳት ሲያልቅ «መድኃኒት የለመደ ወባ ነው» ይባል ነበር። በ1997 ዓ.ም. ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም በአዲስ ዘመን ከተማ ሕክምና ጀመሩ። ያን ጊዜ አንቲቦዲውን የሚያሳይ ፈጣን የደም ምርመራ ብዙዎችን ለመለየት ረዳ። መድኃኒቱ አስቀድሞም በዓለም ላይ ነበረ፤ የጎደለው የበሽታው ስም ነበረ።

«ወባና ሳንባ ነቀርሳ እያሉ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ለየጤና ጣቢያው መሣሪያ ይገዛ የሚል ግን የለም። ኢላይዛ የሚባለው የምርመራ ዘዴ ለኤች አይ ቪና ለጉበት በሽታ በአገራችን ሲሠራበት ኖሯል። አንቲቦዲ ደግሞ የደሙ ውሃ ተለይቶ በቅዝቃዜ ከተያዘ መንገድ ይችላል፤ ከወረታ እስከ ባሕር ዳር ያለው ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጎዳና አያበላሸውም። ናሙናን ባሕር ማዶ ልኮ በውጭ ምንዛሬ መክፈል ግን የፎገራ ገበሬ አቅም አይደለም።

ምርመራው ብቻውን ሐኪም እንደማይሆን አንክድም። አንቲቦዲ ያልተገኘበት ሁሉ ጤነኛ አይደለም። እግርን በጥቂት ቀናት ውስጥ ልፍስፍስ የሚያደርገው ጊላን ባሬም በሐኪም ምርመራና በኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይለያል እንጂ አንቲቦዲ እስኪመጣ አይጠበቅም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ የወረዳ ጤና ባለሙያ ጓያን ከሌላው የሚለይባቸውን ምልክቶች ይማር። ሁለተኛ፥ በክልሉ አንድ ላቦራቶሪ ይህን ምርመራ ይያዝ። ሦስተኛ፥ ዋጋው ከድኻው ኪስ አይውጣ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። የፎገራ ሰው ግን በሽታውን አልደበቀም፤ በአደባባይ ይዞት ይሄዳል። ስሙን መርምሮ መንገር የእኛ፥ በሕዝብ ገንዘብ የተማርነው ዕዳ ነው።