«እናት» ብሎ ፈልጎ ባንክ ማግኘት፦ ድርጅቶች ስለ እኛ ከሶሻል ሚዲያ ምን ይሰማሉ?

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ብር እንዲያወጡ በሩን ከፈተ። ወሬው በአብዛኛው የዞረው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልክ ነበር። ባንኩ በኋላ እንደገለጸው በዚያ ሌሊት ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች ተካሂደዋል፤ አላግባብ የተወሰደው ደግሞ ወደ 801 ሚሊዮን ብር ነው።

ያኔ ሁሉም የጠየቀው «ሲስተሙ እንዴት ተበላሸ?» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለን። ይህን ያህል ሕዝብ ስለ አንድ ድርጅት ሲያወራ፣ ድርጅቱ ወሬውን ከየት ይሰማል?

በውጭው ዓለም ይሄ ራሱን የቻለ ቢዝነስ ነው። ብራንድዋች የሚባለውን መሣሪያ ሲዥን የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲገዛው ዋጋው 450 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ቁልፍ ቃላት ትሰጡታላችሁ፤ የድርጅታችሁን ስም፣ የዕቃችሁን ስም፣ የተፎካካሪያችሁን ስም። እሱ ከየፕላትፎርሙ የተጻፈውን ይሰበስባል፣ ይቆጥራል፣ ምስጋናና ስሞታ ብሎ ይለያል፣ ቁጥሩ ድንገት ሲያሻቅብ ያነቃችኋል። ይሄን ይዞ ነው አንዱ ዋጋ የሚያስተካክለው፣ ሌላው ማስታወቂያውን የሚያወርደው።

አሁን ይሄን መሣሪያ ወደ እኛ ሰፈር እናምጣው።

መጀመሪያ የባንኮቻችንን ስም አስቡ። ንብ ብላችሁ ፈልጉ፤ ማር ሻጩ ሁሉ ይመጣል። አዋሽ ብትሉ ወንዙም፣ ፓርኩም፣ ከተማውም አለ። ዳሽን ተራራ ነው። እናት ብላችሁ ከፈለጋችሁማ በቃ፣ የአገሩ እናት በሙሉ ከነምርቃቷ ትመጣላችኋለች። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ አገር ምድሩ «ዓባይ» ሲል ነበር የዋለው። በዚያን ቀን «ዓባይ» የሚለውን ቃል ብቻውን የሚቆጥር ሰው ቢኖር፣ የግድቡን ደስታ የዓባይ ባንክ ዝና አድርጎ ለአለቃው ሪፖርት ያቀርብ ነበር።

ከዚያ ፊደሉ አለ። ፀሐይ ባንክን እንውሰድ። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ሰው በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ ይጽፈዋል። መሀሉ ላይ ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊገባ ይችላል። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12 አጻጻፍ ማለት ነው። ለእኛ ለአንባቢዎቹ ሁሉም ያው ነው፤ ለኮምፒውተር ግን 12 የተለያዩ ቃላት ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈውን አማርኛ ገና አልቆጠርንም። ደግሞ አማርኛ ቃሉን ብቻውን አይተወውም፦ ኔትወርኩ፣ ስለኔትወርኩ፣ በኔትወርካችሁ። «ኔትወርክ» የሚለውን ብቻ የያዘ ፍለጋ እነዚህን ሁሉ ሊዘልላቸው ይችላል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ቀልዳችን ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ «እናመሰግናለን፣ ባይመለስም ለምደነው ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለማሽኑ አመስጋኝ ደንበኛ ነው። «ልብሱ ያሳብዳል» ያለችው ደግሞ ስሞታ አቅራቢ ሆና ልትመዘገብ ትችላለች። ወደዚያ የባንክ ሌሊት ስንመለስ፣ ካርዱን ይዞ ወደ ኤቲኤም የሚሮጥ ተማሪ «የሲስተም ብልሽት አጋጥሟል» ብሎ ይጽፋል እንዴ? ስሞታ ስሞታ የሚል ቃል ብቻ የሚያድን መሣሪያ ፌሽታውን አይሰማም።

የፕላትፎርሞቹ በርም እየጠበበ ነው። ሜታ ብዙ ጋዜጠኞች ይጠቀሙበት የነበረውን ክራውድታንግል ነሐሴ 8 ቀን 2016 ዘጋው። ኤክስ ቀድሞ በነፃ ይሰጥ የነበረውን የዳታ ማንበቢያ ከ2015 ጀምሮ በዶላር አድርጎታል። ቲክቶክ ላይ ወሬው ያለው በድምፅና በምስል ስለሆነ በጽሑፍ ቃል ብቻ አይያዝም። ቴሌግራም ላይ የሕዝብ ቻናሎችን ማንም ማንበብ ይችላል፤ ሰው እውነቱን የሚያወራው ግን በተዘጉ ግሩፖች ውስጥ ነው። ዋጋን በተመለከተማ ራሳችን ነን የቀበርነው። «ስንት ነው?» ሲባል «በውስጥ መስመር አናግሩን» ይባላል፤ የገበያው ዋነኛ መረጃ እዚያው ይቀራል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ወንፊት አልፎ አለቃው ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ምንድን ነው? የኛ ግምት፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ ኤክስ ላይ ያለ፣ የድርጅቱን ስም አስተካክሎ የሚጠራ ደንበኛ ድምፅ ነው። ደሴ ተቀምጦ ባንኩን በቅጽል ስሙ እየጠራ የሚያማርር ልጅ የለበትም። በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ የጻፈውም እንደዚያው። ሪፖርቱ «ስሞታ ቀንሷል» ሲል፣ ስሞታው ቀንሶ ይሁን ሰሚው ቀንሶ መጠየቅ ያለበት አለ።

እኛ የሚሻል የሚመስለን ውድ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ዝርዝሩን የሚጽፍ ሰው መያዝ ነው። ጫማ በቴሌግራም የምትሸጡ ከሆነ የዕቃውን ስም ብቻ አትፈልጉ። ሰው ሲናደድ የሚለውን ፈልጉ፦ «ሸወዱኝ»፣ «ብሬን በሉኝ»፣ «ፎቶው ሌላ ዕቃው ሌላ»። ለመግዛት ሲያስብም የራሱ ቋንቋ አለው፦ «ኦርጅናል ነው?»፣ «42 አለ?»፣ «ዴሊቨሪ አላችሁ?»። አንድ ቃል ሲገኝ በሌላው ፊደልም፣ በእንግሊዝኛ ፊደልም ሞክሩት። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ለሳምንት ብትሰጡት፣ ስንቱ ሰው ሳይዝ ስላጣ ብቻ ሌላ ቻናል እንደሄደ ራሱ ይታያችኋል። ይሄን ሥራ የሚያውቀው ደግሞ ስልኩን የማይለቅ ወጣት ነው፤ ድርጅቶች ለሶሻል ሚዲያ ሰው ሲቀጥሩ ፖስት እንዲሠራ ብቻ ሳይሆን እንዲያነብም መክፈል አለባቸው።

አንድ ነገር ግን ሳይባል አይታለፍ። ቃል መቁጠርና ሰው መቁጠር ይለያያሉ። «ስንት ሰው በዴሊቨሪ አማረረ?» ቢዝነስ ነው። ያማረረውን ሰው ስም፣ ስልክና ፎቶ ለቅሞ ፋይል መክፈት ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከ2016 ጀምሮ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ የሰው የግል መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ሕጋዊ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። «ፖስቱ ፐብሊክ ነው» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም።

እስቲ እናንተ ባንካችሁን በምን ስም ነው የምትጠሩት? ቅጽል ስሙን ከነአጻጻፉ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን፤ አንድ ባንክ በስንት ስም እንደሚጠራ አብረን እንቆጥራለን።